የጥንት ፍርሃት በዛሬ ኑሮ፦ «የእኛ ሰው» እና «ባዳ» የምንለው ከየት መጣ?

የቆጪ ልጅ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሰላም ሁላችሁም።

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያመላልሰኝ ከርሟል። የእናንተንም ሐሳብ ብሰማ ደስ ይለኛል። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሰው ሰውን ለምን ይፈራል? አውሬ መፍራት ይገባኛል። ማታ ጅብ ሲጮህ በሩን የሚቀረቅር ሰው ልክ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ፍርሃት ነው። ግቢያችን አዲስ ተከራይ ሲመጣ ሥራውን ሳንጠይቅ «አገርህ የት ነው?» እንላለን። ልጃችን «የማገባው ሰው አለ» ስትለን ስለ ጠባዩ ሳናነሳ «የማን ልጅ ነው?» እንላለን። ስብሰባ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው እጁን ሊያወጣ ይልና ይተወዋል። ማንም አይበላውም። ግን ልቡ ይደልቃል፣ አፉ ይደርቃል፣ መዳፉን ያልበዋል። ጅብ ፊት የቆመ ሰው የሚሆነውን ሁሉ ይሆናል።

ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። የእኛ ግቤ ወርዶ ወርዶ ኦሞን ይሆናል። እዚያው ታችኛው ኦሞ፣ ኪቢሽ በሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው ቅሪተ አካል በዓለም ላይ ከሚታወቁት የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በ2022 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ወደ 230 ሺህ ዓመት አድርሶታል። እርሻ የተጀመረው ደግሞ የዛሬ 12 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። በመሃል ያለውን ዘመን አስቡት። ያ ሁሉ ዘመን ያለፈው በአደንና በለቀማ፣ እርስ በርስ በሚተዋወቁ ትናንሽ ቡድኖች ውስጥ ነው። ከቡድኑ የተባረረ ሰው ብዙ አይቆይም። ያገኘውን ሁሉ የሚያምንም እንደዚያው። እኛ የእነዚያ የፈሩትና የተጠጋጉት ሰዎች ልጆች ነን።

ግን በጣም የገረመኝ ይሄ አይደለም። ሄንሪ ታይፍል የሚባል ሰው ነበር። የፖላንድ አይሁዳዊ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ ተረፈ፣ ሲመለስ ቤተሰቡ አልቆ ጠበቀው። ቀሪ ዘመኑን ሰው ለምን በቡድን ተከፋፍሎ እንደሚጠላላ ሲመረምር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ሙከራው ቀላል ነው። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ ላሉ ተማሪዎች ሥዕል አሳያቸው። ከዚያ «አንተ የክሌን ሥዕል የወደድክ ነህ፣ አንተ የካንዲንስኪን» ብሎ ከፈላቸው። ክፍፍሉ በዕጣ ነበር። ልጆቹ የቡድናቸው አባል ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ገንዘብ አካፍሉ ሲባሉ ግን ለራሳቸው ወገን አደሉ። ይባስ ብሎ የእነሱ ወገን ከሌላው እንዲበልጥ ሲሉ የወገናቸው ድርሻ እንዲያንስ የመረጡም ነበሩ።

እንግዲህ ጠብ ሳይኖር፣ ዘር ሳይኖር፣ ሃይማኖት ሳይኖር፣ ቋንቋም ሳይለያይ በአንድ ሥዕል ብቻ «እኛ» እና «እነሱ» ይፈጠራል ማለት ነው።

እኔ ከዚህ የያዝኩት ሐሳብ ይሄ ነው። ወገን መፈለጋችን ከሥጋችን አይወጣም። ወገናችን ማን እንደሆነ ግን ሥጋችን አይነግረንም። እሱ በኑሮ የሚወሰን ነው። ስለዚህ ሊሰፋ ይችላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከራሳችሁ ኑሮ ብትነግሩኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ሲስተር አወይቱ

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ስለ ሰውነቱ ልጨምር።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። አንጎላችን ውስጥ የሚሆነው በትክክል ይሄ ነው። መንገድ ላይ ገመድ ስታይ እግርህ ቀድሞ ይዘላል፣ ገመድ መሆኑን የምታውቀው ከዘለልክ በኋላ ነው። ጆሴፍ ለዱ የተባለው የአንጎል ተመራማሪ እንዳስረዳው የአደጋ ምልክት በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ አጭር ነው። አሚግዳላ ወደምትባል የለውዝ ቅርጽ ያላት ክፍል በቀጥታ ይደርሳል፣ ግን የያዘው ምስል ደብዛዛ ነው። ሌላው ነገሩን አጣርቶ በሚያየው በላይኛው የአንጎል ክፍል በኩል ዞሮ ይመጣል፣ ይዘገያል። ልዩነቱ የሰከንድ ሽራፊ ነው። ሰውነት ግን አይጠብቅም።

ከዚያ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ የምግብ መፈጨት ይገታል። አፍ የሚደርቀውም ለዚህ ነው። ዋልተር ካነን የሚባለው የሃርቫርድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ሥራ «መጋፈጥ ወይም መሸሽ» ያለው ነገር ነው።

ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጅቡ ይሄዳል፣ ሰውነትም ይረጋጋል። የኪራይ ጭማሪ ግን አይሄድም። የአለቃ ፊትም አይሄድም። ክፉ ወሬ ስልካችን ውስጥ አብሮን ያድራል። እንቅልፍ ያጡ፣ ደም ግፊታቸው የጨመረ፣ ጨጓራዬ የሚሉ ሰዎች በየቀኑ ይመጣሉ። ስንቶቹ ያልሄደ ጅብ ተሸክመው እንደሚመጡ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ባለ ባጃጅ

ሲስተር እውነትሽን ነው። እኔ የማውቀውን ልናገር።

አንድ ሰሞን «ልጅ የሚሰርቁ ሰዎች ከተማ ገብተዋል» የሚል ነገር በቴሌግራም ዞረ። ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። አንድ ምሽት የምታለቅስ ሕፃን ያቀፈ ሰውዬ ሰው ከበበው። አነጋገሩ የዚህ አካባቢ አይደለም። «የማን ልጅ ናት?» ይሉታል፣ ሲደነግጥ ቃል ይጠፋበታል። መደንገጡን ሲያዩ ደግሞ «ይኸው!» ይላሉ። ሁለት ሽማግሌ መሃል ገብተው ባይቆሙ ኖሮ ያልቅለት ነበር። እኔ ባጃጄ ላይ ጫንኩትና ቤቱ ወሰድነው። የእህቱ ልጅ ናት። ጥርሷን አሟት ክሊኒክ ደርሶ መመለሱ ነበር።

እዚያ የነበሩትን ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ እንዲያውም የሰው ገንዘብ አግኝቶ የመለሰ ልጅ ነው። ለብቻው ብታገኘው ያንን ሰውዬ መንገድ ያሳየዋል። ከሰው ጋር ሲሆን ግን ሌላ ሰው ሆነ። ይሄ ነገር እስካሁን ያስፈራኛል።

የቆጪ ልጅ

@ባለ ባጃጅ እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። ሽማግሌዎቹንም ዕድሜ ይስጣቸው።

ስለ ወሬው አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ጦጣዎችን ያጠኑ ሰዎች ውጤታቸውን አወጡ። ሴይፋርትና ቼኒ ይባላሉ፣ ከማርለር ጋር ነው የሠሩት። ጦጣዎቹ ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ የማስጠንቀቂያ ጩኸት አላቸው። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ የንስሩን ሲሰሙ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ፣ የእባቡን ሲሰሙ ቆመው መሬቱን ይቃኛሉ። ጩኸቱ የተቀዳ ድምፅ ሲሆን እንኳ ነብሩን ሳያዩ ይሮጣሉ። ለእነሱ ይሄ ብልህነት ነው። በከንቱ የሸሸ ጦጣ የሚያጣው ትንሽ ፍሬ ነው። አላምንም ብሎ የቆመው ነፍሱን ያጣል።

እኛም ጩኸት ስንሰማ ቀድመን እንሮጣለን። ልዩነቱ ጦጣዋ ስትጮህ ነብሩን አይታ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚጮኸው ሰው ምን እንዳየ ግን አናውቅም። እዚያው ሆነን ደግሞ ሼር እናደርጋለን።

ግልጽ እንነጋገር

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ትንሽ ልቃወም ነው።

«ደመ ነፍስ ነው፣ ከጥንት የመጣ ነው» ማለት ለብዙ ሰው ማምለጫ ይሆናል። ጎረቤቱን ያሳደደ ሰው ነገ «አሚግዳላዬ ነው» እንዲል አልፈልግም። ሁላችንም አንድ ዓይነት አንጎል ነው ያለን። ባጃጅ ላይ የጫነውም፣ የከበቡትም፣ መሃል የቆሙት ሽማግሌዎችም። ሽማግሌዎቹ ፈርተው አልነበረም? ፈርተዋል። ግን ቆሙ።

ደግሞም ቡድን ስለተፈጠረ ብቻ ሰው አይጣላም። ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ካምፕ ወስዶ ለሁለት ከፈላቸው። ሽልማት ያለው ውድድር አደረገላቸው። ወዲያው ተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። ይሄን ብዙ ሰው ያወራዋል። ብዙ ጊዜ የማይወራው ከዚያ በፊት በ1953 ያደረገው ነው። ያኔ ልጆቹ መጀመሪያ ተዋውቀው ጓደኛ ሆነው ነበር። ከፈላቸው፣ ሊያጣላቸው ሞከረ፣ እምቢ አሉ። ጭራሽ የሚያጣላቸው አዋቂው መሆኑን ጠረጠሩ። ሙከራው ከሸፈ።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚያጣላውን ውድድር ያዘጋጀው ማነው? ከፍርሃታችን የሚያተርፈው ማነው? ሰው በተናደደ ቁጥር ተመልካች የሚያገኝ ቻናል አለ። ሕዝብ በፈራ ቁጥር ወንበሩ የሚጸና ሰው አለ። እሱን ሳንጠይቅ ስለ ጥንት ዘመን ብቻ ብናወራ ግማሹን ትተነዋል።

የቆጪ ልጅ

@ግልጽ እንነጋገር ይሄ መቃወም አይደለም፣ ማሟላት ነው። ተዋውቀው የነበሩት ልጆች እምቢ ማለታቸውን አላውቅም ነበር፤ ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ለመሆኑ የ1954ቱ ልጆች መጨረሻቸው ምን ሆነ?

ግልጽ እንነጋገር

ታረቁ። ግን በምክር አይደለም። አብረው ፊልም እንዲያዩ፣ አብረው እንዲበሉ ሲደረግ ምግብ ተወራወሩ። የታረቁት የካምፑ ውሃ ሲቋረጥና መኪናው አልነሳ ሲል ነው። ውሃውን ሁሉም ይፈልጉታል፣ መኪናውን አንዱ ቡድን ብቻውን አይስበውም። አብረው ገመድ ሳቡ። በእርግጥ ችግሮቹን ያዘጋጀው ሸሪፍ ራሱ ነው። እርቁ ግን የልጆቹ ነበር።

መምህር ጅሬን

ከታሪክ በኩል ትንሽ ልበል፤ ምሳሌው ደጃችን ስላለ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግቤ አካባቢ አምስት መንግሥታት ነበሩበት፤ ጅማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ። እርስ በርሳቸው ይፈራሩ ነበር። ፍርሃታቸው መሬቱ ላይ ሳይቀር ይታይ ነበር። በወሰናቸው ላይ ሰው የማይሰፍርበት፣ የማይታረስ ባዶ መሬት ይተዉ ነበር፤ ሞጋ ይባላል። ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ መግቢያው ኬላ ይሆናል፣ ኬላው ላይ ጠባቂ ይቆማል። እንግዳ የመጣበት ሳይታወቅ አይገባም።

ነገር ግን በዚያው ዘመን የጅማ መንግሥት ሂርማታ ላይ ገበያ ነበረው። ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ፣ ከከፋ የሚመጣው፣ ከሸዋ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ሲገዙ ነጋዴን ማስጠጋት ያውቁ ነበር። ከአፄ ምኒልክም ጋር ጦር ከመማዘዝ ግብር መክፈልን መርጠው አገራቸውን ከጥፋት አተረፉ። ፍርሃት ኬላ ያሠራል፤ መፈላለግ ደግሞ የኬላውን በር ያስከፍታል። ሁለቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ንጉሥ ዘመን ነበሩ።

የበለጠ የምወደው ግን ሌላ ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ አለ። የማደጎ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል፣ ይወርሳል። ሞጋሳ ደግሞ ከዚያ ይሰፋል፤ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ብዙ ሰው በሥርዓት የጎሳው አባል ይሆናል። በጦርነት ዘመንም የተሠራበት ስለሆነ ሁልጊዜ በእኩልነትና በፈቃድ ነበር አልልም። ነገር ግን ጎሳ በደም ብቻ የተዘጋ አለመሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በሌላውም ወገን የጡት ልጅ አለ፣ አበልጅ አለ። ባዳን ዘመድ የማድረጊያ ሥርዓት የሌለው ሕዝብ እኔ አላውቅም።

ከጎጃም የመጣሁ

መምህር፣ እናመሰግናለን። እኔ እዚህ ተማሪ ነኝ። ምደባ ሲወጣ እናቴ ለቅሶ ተቀምጣለች ማለት ይቻላል። እኔም ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። የማውቀው ፌስቡክ ላይ ያየሁትን ብቻ ነው።

ዶርም ስደርስ አንዱ ከወለጋ ነው፣ አንዱ ከዳውሮ፣ አንዱ የሶማሌ ልጅ። መጀመሪያ ሁላችንም አልጋችን ላይ ቁጭ ብለን ስልካችንን ነበር የምናየው። የፈታን ትልቅ ነገር አይደለም። ውሃ ጠፋ። ጀሪካን ተጋርተን ሄድን፣ ተራ ያዝን፣ አመሸን፣ አወራን። ከዚያ ፈተና መጣ፣ አብረን አደርን። የወለጋው ልጅ አባቱ ሲያርፍ ገንዘብ አዋጥተን አሳፈርነው። አሁን እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።

ካምፓስ ላይ ፍርሃት የለም እያልኩ አይደለም። አንድ ነገር ተሰማ ሲባል ሁሉም ወደየቋንቋው ሲሰባሰብ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ዶርም ግን አልተበተነም። «ግልጽ እንነጋገር» ያሉት ስለ ውሃውና ስለ መኪናው ሲሆን የእኛኑ ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ።

አባ ጅፋር ደጋፊ

እኔ በአጭሩ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አልቅሻለሁ። ሃይማኖቱን አልጠየቅኩትም፣ ቋንቋውን አልጠየቅኩትም። ይሄም ያው ደመ ነፍስ ነው አይደል? ሲጠቅም ደግሞ እንዲህ ይጠቅማል።

ስሜ ይቆይ

እኔ ጥያቄ ነው ያለኝ። ሁላችሁም ስለ ሰፈርና ስለ ሕዝብ ተናገራችሁ። ቤት ውስጥስ?

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ስንጋጭ ግን ዝም ይላል። ኩርፊያው ይረዝማል። እሱ ዝም ሲል እኔ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። እከተለዋለሁ፣ እጠይቀዋለሁ፣ ድምፄ ይጨምራል። እሱ ይበልጥ ይዘጋል። ሊተወኝ ነው የሚል ፍርሃት ይይዘኛል። ምንም ምክንያት የለኝም፣ ግን ሰውነቴ ያምነዋል። ይሄም ከጥንቱ ፍርሃት ነው ትላላችሁ?

ሲስተር አወይቱ

እህቴ፣ ስለጻፍሽው ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ከዚያው ነው።

የሰው ሕፃን ብቻውን አይተርፍም። ስለዚህ የሚጠብቀው ሰው ሲርቅ መጮህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሜሪ አይንስወርዝ የተባለችው ተመራማሪ ይሄን መጀመሪያ በደንብ ያጠናችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየሄደች። እናቱ እንደምትመለስ የሚያምን ሕፃን ነፃ ሆኖ ይጫወታል። ያላመነው ይለጠፋል። ስናድግ እናታችን የነበረችበት ቦታ ላይ የትዳር ጓደኛችን ይገባል። ዝምታው ለአንቺ መተው ሆኖ ይሰማሻል። ሞኝነት አይደለም።

እሱም በበኩሉ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ወንድ ሲያኮርፍ ንቀት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ልቡ እየደለቀ ነው። ጆን ጎትማን ባለትዳሮችን ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውን ይለካ ነበር። ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ ሰው መስማት ያቅተዋል ይላል። እሱ የሚመክረው ቢያንስ 20 ደቂቃ መለያየት ነው። ግን ዝም ብሎ መውጣት አይደለም። «አሁን መናገር አልቻልኩም፣ እመለሳለሁ» ብሎ መውጣት ነው። «እመለሳለሁ» የምትለዋ ለአንቺ መድኃኒት ናት፣ 20 ደቂቃዋ ለእሱ። ሰላም በሆናችሁ ቀን ተነጋገሩበት፣ ጠብ መሃል አይሆንም። ዝምታው ውስጥ ዛቻ ወይም ዱላ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ብቻሽን አትያዢው፣ ለሚረዳሽ ሰው ንገሪ።

የሂርማታዋ እናት

ልጆቼ፣ ልጄ እያነበበችልኝ ስሰማ ነበር የቆየሁት፣ አሁንም እሷ ናት የምትጽፍልኝ።

ስሜ ይቆይ ያልሽው ልጄ፣ ሲስተር ደህና አድርጋ መክራሻለች። እኔ የምጨምረው ለብቻሽ አትቀመጪ ነው። ባልሽ ሲያኮርፍ ዓለም ሁሉ ያኮረፈሽ የሚመስልሽ ሌላ ሰው ስታጪ ነው። ቡና የምትጣሪያቸው ጎረቤቶች ይኑሩሽ። አንድ ሰው ብቻውን ለሌላ ሰው ወገን ሁሉ መሆን አይችልም።

ስለ ሌላው፣ የእኛ ሰፈር ኦሮሞው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ የሙም አለ። ሰርግ ሲኖር ለሙስሊሙ ለብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለብቻ ነው። ልጆች «ይሄማ መለያየት ነው» ይሉኛል። አይደለም። እንግዳዬ የሚበላውን አውቄ ስጠብቀው አክብሬዋለሁ። ሰው ሳይፈራ የሚቀርበው የራሱን ሳይለቅ የሚቀበለው ሲያገኝ ነው። ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ድንኳኑ አንድ ነው። እድራችን ማንንም በሃይማኖቱ አልከለከለም።

ግልጽ እንነጋገር

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እጅግ የሚያምር ነው የተናገሩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቀየሙኝ። እድሩም እኮ ኬላ አለው። እኔ ተከራይ ነኝ። አንድ እድር ልገባ ስጠይቅ የመግቢያውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ክፈል ተባልኩ፣ ከአቅሜ በላይ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ነባሮቹ በብዙ ዓመት ያፈሩት ስለሆነ ድርሻውን መክፈል አለብህ ይላሉ። ይገባኛል። ግን ተከራይ በየሁለት ዓመቱ ቤት ይቀይራል። ዘመድ የሌለው፣ እድር ይበልጥ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ነገ ብሞት ማን ያነሳኛል ብሎ የሚያድር ሰው ጎረቤቱን እንዴት ይመን?

የሂርማታዋ እናት

ምን ያስቀይመኛል ልጄ? እውነት ነው ያልከው። የእኛም መግቢያ ከብዷል። ድሮ በየወሩ እየተቆረጠ በዓመት የሚያልቅበት አሠራር ነበር፣ ሰው ሲበዛ ተዉት። የፈሩት ገብቶ፣ ለቅሶ ተደርሶለት፣ ሳይከፍል የሚሄድ ይኖራል ብለው ነው። እስከማውቀው ድረስ እንደዚያ ያደረገ ሰው የለም።

እሑድ ስብሰባ አለን። ለተከራይ መግቢያው በየወሩ ይከፈል፣ ሰፈር ሲለቅ ደግሞ የከፈለው ለሚቀጥለው እድሩ በደብዳቤ ይጻፍለት ብዬ አነሳለሁ። ሊቀመንበሩ እንደሚቃወም አውቃለሁ። ከአባላቱ እዚህ የምታነቡ ካላችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ፣ ብቻዬን እንዳልቆም።

ባለ ባጃጅ

እማማ፣ እኔ የእርስዎ እድር አባል ነኝ። እሑድ ጠዋት መጥቼ አደርስዎታለሁ፣ እኔም እናገራለሁ። ያ የእህቱን ልጅ ያቀፈው ሰውዬ አሁንም እዚያው ሰፈር ተከራይቶ ነው ያለው፣ እድር የለውም። ይምጣና ራሱ ያስረዳ ካሉ ይዤው እመጣለሁ።